የቲቸር ሸምሱ ሁለት መስመሮች

የቲቸር ሸምሱን ሞት የሰማሁት ጉብሬ፣ ከዩኒቨርሲቲው ካምፓስ በር ፊት ለፊት ባጃጅ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ ረድዋን ነበር። ረድዋን ቡታጅራ መሰናዶ ሳለን ከጎኔ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው፤ ሲደውል ሁልጊዜ በቀልድ ይጀምራል። ያን ቀን አልቀለደም።

«ምሕረት፣ የት ነሽ?»

«ጉብሬ ነኝ። ምነው?»

«እስቲ ተቀመጪ።»

«መንገድ ላይ ቆሜ ምን ላይ ልቀመጥ? ንገረኝ በቃ።»

«ቲቸር ሸምሱ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ።»

ባጃጁ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ «ወልቂጤ ነሽ? ግቢ፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ» አለ። ገባሁ። መናኸሪያ ደርሼ መኪና እስካገኝና እስኪሞላ ድረስ ቀኑ ሄደ። የሙስሊም ቀብር ሰው አይጠብቅም። ቡታጅራ ስደርስ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው ሱሪያቸው ላይ ያለውን አፈር እያራገፉ ነበር።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው። የሰዎቹን ስም ሁሉ ቀይሬያለሁ፤ ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ይረዳኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቲቸር ሸምሱ አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማሩን ሰው ናቸው። የመስቃን ልጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው የሚደፉ። አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ጀርባቸውን ይሰጡናል። የመጀመሪያ ቀን ገርሞን ተያየን። «ፊቴን ስታዩ ትፈራላችሁ» አሉ ሳይዞሩ። «አሁን ማን እንደተናገረ አላየሁም። የተሳሳተም ያልፋል።» እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለስኩት ለዚያ ጀርባ ነው።

ያኔ የምንማረው በፕላዝማ ነበር። ግድግዳው ላይ ካለው ቴሌቪዥን አንድ መምህር በእንግሊዝኛ በፍጥነት ያስተምረናል፤ መጨረሻ ላይ «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቲቸር ሸምሱ ከጎን ቆመው ለቴሌቪዥኑ ይመልሱለት ነበር። «አልገባንም ጌታው! ቆይ እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ጠመኔ አንስተው «እንግዲህ መብራቱ ከጠፋ ስለ ሰማይ እናውራ» ይላሉ። ያን ጊዜ የሚያወሩን ከመጽሐፉ ውጭ ነው። ለማስተርሳቸው በየክረምቱ አዲስ አበባ እየሄዱ ያጠኑት ስለ ጋማ ጨረር ብልጭታ ነበር፤ መሣሪያውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፣ ሌሎች የለቀቁትን መረጃ ነበር የመረመሩት።

«አሁን እዚህ ቁጭ ብለን ሳለ ከሰማይ አንድ ቦታ ብልጭ የሚል ነገር ሊኖር ይችላል» አሉን አንድ ቀን። «ዓይናችሁ አያየውም። አንዳንዱ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ነው የሚቆየው፣ አንዳንዱ ትንሽ ይበረክታል። ከዚያ ያ ቦታ ዝም ይላል።»

«ምን ሆኖ ነው ብልጭ የሚለው?» አለ ረድዋን።

«ብዙውን ጊዜ አንድ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት ነው ይላሉ።»

«ዓይናችን ካላየው ማን አየው ታዲያ?»

«ጋማ አየራችንን አልፎ አይደርስም። ስለዚህ መሣሪያው ሳተላይት ላይ ተጭኖ ውጭ ይጠብቃል። መጠበቅ ብቻ ነው ሥራው። መቼ እንደሚመጣ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ የሚነግረው የለም። ሰማይ ቀጠሮ አይሰጥም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ይወዷት ነበር። ዘግይቶ የመጣ ተማሪን እንኳ የሚቆጡት በእሷ ነው።

ከዚያ ዋናውን ነገር አስረዱን። ብልጭታው መምጣቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። አንድ መሣሪያ ብቻውን «መጣ» ከማለት በላይ ብዙ አያውቅም። ሁለት መሣሪያዎች ተራርቀው ካሉ የትኛው ቀድሞ እንዳየ ይነጻጸራል፤ ከጊዜው ልዩነት ተነስቶ ሰማይ ላይ አንድ ክብ መስመር ይሰመራል። ምንጩ ከዚያ መስመር ላይ አንድ ቦታ አለ። ሌላ ራቅ ያለ መሣሪያ ሲጨመር ሌላ መስመር ይመጣል፤ መስመሮቹ የሚቋረጡበትን መፈለግ ነው። ይህ ሁሉ ግን በፍጥነት መሆን አለበት። ከብልጭታው በኋላ የሚቀረው ፍም ሳይከስም ቴሌስኮፖች ወደዚያ ካልዞሩ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም።

ማስተማር ብቻ አልበቃቸውም። በዚያ ዘመን ተማሪው ሁሉ «አንድ ለአምስት» በሚባል ቡድን የተደራጀ ነበር፤ ከስብሰባና ከሪፖርት ያለፈ ብዙ ጥቅም አላየንበትም። ቲቸር ሸምሱ «አንድ ለአምስቱን እስቲ ለሥራ እናውለው» ብለው በከተማው አራት ዳር በታተኑን። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ በፈንጂ የሚፈለጥባቸው ካባ የሚባሉ ቦታዎች ነበሩ። ፈንጂው መቼ እንደሚፈነዳ አናውቅም። የእኛ ሥራ የስልካችንን ሰዓት አንድ ላይ አስተካክለን፣ በእረፍትና ከትምህርት በኋላ በየቦታችን ቆመን፣ ድምፁ የደረሰበትን ሰዓት መያዝ ነው። ከዚያ ካርታ ላይ የትኛው ካባ እንደሆነ ማግኘት።

ጠበቅን። ብዙ ቀን ጠበቅን። ሲፈነዳ ታዲያ መናኸሪያው ጋ የቆመው የሙስጠፋ ቡድን ሳምቡሳ እየበላ ነበር። ሰዓቱ አምልጧቸው፣ ገበያ ያለውን ቡድን በስልክ ጠይቀው የእሱን ሰዓት እንዳለ ሰጡ። ሰሌዳው ላይ መስመሮቹን ስናሰምር ፈንጂው የፈነዳው የዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ሆነ።

ቲቸር ሸምሱ በጣም ኮስተር አሉ። «አንድ ሰው ይሂድ። ዳይሬክተራችን ደህና መሆናቸውን አይቶ ይምጣ።»

ክፍሉ እስኪረጋጋ ጠበቁና ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። «ማን ነው ከጓደኛው የገለበጠ?»

«እኛ ነን ቲቸር» አለ ሙስጠፋ ከኋላ። «ሳምቡሳው ትኩስ ነበር።»

«ትኩስ ከሆነስ ይሁን። ግን ይህን ያዙልኝ፤ አንድ ቦታ የቆሙ ሁለት ምስክሮች አንድ ምስክር ናቸው። ብዙ ሰው ስለተናገረው እውነት ሆነ አትበሉ። መጀመሪያ የት ቆሞ እንዳየ ጠይቁት።»

እስካሁን የጻፍኩት ደስ የሚለኝን ነው። ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈርቻለሁ።

ቲቸር ሸምሱ ሰዓዳ የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻቸው። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አስረኛ ክፍል ፈተና ሳይመጣላት ሲቀር በደላላ በኩል አረብ አገር ሄደች። የቤት ሠራተኛ ሆና ገባች መባሉን እንጂ በየትኛው ከተማ እንደሆነ ቤተሰቡ አያውቅም ነበር፤ ደላላውም ስልኩን አጠፋ። ከዚያ ዝም አለች።

አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን ጥር ላይ ደወለች። አመሻሽ ላይ ነበር፤ ቁጥሩ አልወጣም። «ሸምሱዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና አይደለሁም። አምጡኝ» አለች። «የት ነሽ?» ሲሏት ተቋረጠ። ከኋላዋ የመግሪብ አዛን ይሰማ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይታ ደግሞ ደወለች፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ቲቸር ከክፍላችን በር ውጭ ቆመው ሳለ። በዚህኛው ስማቸውን ጠርታ አለቀሰች እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ከኋላዋ የዙሁር አዛን ነበር።

ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ገቡ። ፕላዝማውን አጠፉት።

«ዛሬ የምጠይቃችሁ ጥያቄ የፈተና አይደለም» አሉ። «እህቴ ደውላ ነበር። የት እንዳለች አላውቅም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ። የሚመልስ ተማሪ እንዳይፈራ አልነበረም። በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ትንሽ ቆይተው የጂኦግራፊ ካርታ አስመጡና ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት። ነገሩን ልክ እንደ ጋማው አስረዱን። የመግሪብ አዛን የሚወጣው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። በመጀመሪያው ጥሪ ሰዓት የቡታጅራ ጀንበር ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ስለዚህ አዛኑ የእኛ ሳይሆን ከስልኩ ወዲያ ያለው ነው። ስልኩ ሰዓቱን መዝግቦታል። በዚያች ደቂቃ ጀንበር የምትጠልቅባቸው ከተሞች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። አሰመሩት። የዙሁሩ ፀሐይ ከአናት ስታጋድል ነው፤ በሁለተኛው ጥሪ ደቂቃ ደግሞ ያ የሚሆንባቸው ከተሞች በሌላ መስመር ላይ ናቸው። እሱንም አሰመሩት። ሁለቱ መስመሮች ጂዳና መካ አካባቢ ተቋረጡ።

ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ረድዋን ከወንበሩ ተነስቶ «አጎቴ ከድር ጂዳ ነው! ሹፌር ነው፣ ከተማውን ሁሉ ያውቀዋል!» ብሎ ጮኸ።

በዚያው ቀን ለእናታቸው ለእማ ዘይነባ ነገሩ። ቤታቸው ከቤታችን ሦስተኛው ስለሆነ እናቴና እኔ እዚያ ነበርን። እማ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የአላህ ቤት አጠገብ ናት። ብታለቅስም እዚያ ነው የምታለቅሰው።» ሰዓዳ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ ያጡት ሴትዮ ያን ሌሊት ተኙ ተባለ።

ከድር ፈለገ። ብቻውን አይደለም፤ ጂዳ ያለ የቡታጅራ ሰው ሁሉ ፈለገ። ሱቅ ያለው በሱቁ፣ ሹፌሩ በመኪናው፣ ሴቶቹ በየሚሠሩበት ቤት። ከድር በየሳምንቱ ይደውላል፤ ቲቸርም እረፍት ላይ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመው ያናግሩታል። አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርገውት ነበርና ሰማን።

«ሰዓዳ የምትባል አገኘሁ» አለ ከድር። «ግን ያንተ አይደለችም፣ የስልጤ ልጅ ናት። ለማን ብለህ ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እኔንም የሚፈልገኝ ሰው ይኖር ይሆን አለችኝ።»

«የአባቷን ስም ጠይቃት» አሉ ቲቸር ሸምሱ። «ስልጤ፣ ወራቤ ላይ የማውቀው ሰው አለ።»

የራሳቸውን አላገኙም። ጥር አልፎ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ። ስልኩም ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ረመዳን ሰኔ ላይ ገባ። ቲቸር በየረመዳኑ አንድ ቀን የቡድን መሪዎችን ለማፍጠሪያ ይጋብዙ ነበር፤ ክርስቲያን ሙስሊም አይሉም። እኔና ረድዋን ሄድን። የከተማው መስጊድ አዛን ወጣ፤ በተምር አፈጠሩ፤ ወንዶቹ ሰግደው ተመለሱ፤ ሾርባው ቀረበ። ቴሌቪዥኑ በአንድ የአረብ ጣቢያ ላይ ተከፍቶ ነበር። ሾርባውን ስንጠጣ ከቴሌቪዥኑ አዛን ተነሳ።

የቲቸር ትንሿ ልጅ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባ፣ ደግሞ ሌላ አዛን?»

«ይሄ የመካው ነው የኔ ልጅ፣ በሰኔ የእነሱ ጀንበር ከእኛ ትዘገያለች» አሉ እማ ዘይነባ። «ለሁሉም አገር ነው የሚያሰሙት። ስሚው እንዴት እንደሚያምር።»

ቲቸር ሸምሱ እንደ ጎረሱ ቀሩ። አልዋጡም። ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እናታቸውን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነስተው ወደ ግቢ ወጡ። እኔና ረድዋን ያማቸው መስሎን ተከተልናቸው። ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«ጂዳ አይደለችም» አሉ።

«ማን?» አለ ረድዋን።

«ከኋላዋ የሰማሁት አዛን የመስጊድ መሆኑን በምን አወቅሁ? ቴሌቪዥን ቢሆንስ? ቴሌቪዥን ከሆነ የትም ልትሆን ትችላለች፤ መስመሮቼ የሚያሳዩት መካን ነው። አዎ፣ መካን አግኝቻለሁ። መካማ ድሮም አልጠፋችም።»

«ግን ቲቸር፣ ሁለት ጥሪ ነው እኮ። ሁለቱም አንድ ቦታ ነው ያሳዩት» አልኩ።

«ለዚያ ነው ያመንኩት። ሁለቱም ከአንድ ሳጥን የወጡ ናቸው ምሕረት። አንድ ምስክር ነው የነበረኝ።»

ረድዋን ለከድር እንደውል አለ። ቲቸርም ደወሉ። ከድር ሌላ ከተማ ፈልግ ሲባል «ሸምሱ ወንድሜ፣ አገሩ ሰፊ ነው፤ በየት በኩል ልጀምር?» አለ። ቲቸር ስልኩን ዘግተው ወደ ቤቱ ተመለከቱ። በመስኮቱ የእማ ዘይነባ ሳቅ ይሰማ ነበር።

«ለእማ እንዳትነግሩ» አሉን። «አጠገቡ ናት ብላ ነው የምትተኛው።»

አስራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ መጀመሪያ ያስተማሩን ስህተታቸውን ነው። መስመሮቹን እንደገና አሰመሩና ከጎናቸው ቴሌቪዥን ሳሉ። «ስሌቱ ልክ ነበር» አሉ። «ሰው ክፉኛ የሚሞኘው ስሌቱ ልክ ሲሆን ነው።» ማንም አልሳቀም። ጥያቄ ሲጠይቁ ፊታቸውን ማዞራቸውን አልተዉም፤ ግን አንዳንዴ ተማሪው መልሶ ከጨረሰ በኋላም ሳይዞሩ ይቆያሉ። በዚያ ዓመት ሰውነታቸው ከሳ። ጉበት ነው ተባለ። እኔ ለዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ስመደብ ሊሸኙኝ መናኸሪያ ድረስ መጡ፤ ሻንጣዬን ራሳቸው ካልጫንኩ አሉ። በመጨረሻ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ለቅሶ ቤቱ ስገባ ሴቶቹ ጓዳው አጠገብ ባለው ክፍል ጅባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ሳመችኝና ውኃ ላምጣ ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። እዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ከዓመት በፊት አንዲት ልጅ ከሪያድ ተመልሳ ቡኢ ከተማ ቤተሰቦቿ ጋ ገባች። ቲቸር ሰምተው ሄዱ። ልጅቷ ሰዓዳን ታውቃት ነበር፤ ሪያድ ውስጥ አሠሪዎቻቸው ዘመዳሞች ነበሩ። ሰዓዳ የምትደውለው የቤቱ እመቤት ስትተኛ፣ በተረሳ ስልክ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርጋ ነው አለቻቸው። በደወለችበት ዓመት ሚያዝያ ላይ ታማ ሆስፒታል ገባች፤ ከዚያ ሞተች ተባለ። ልጅቷ የሰማችውን ነው የተናገረችው፣ አስከሬን አላየችም።

«ሲመለስ እማ በር ላይ ነበረች» አለች እትዬ ፋጡማ። «ምን አሉህ ስትለው ሰላም ናት አላት። ለእኔ በኋላ ነው የነገረኝ። እርግጡን የሚነግረኝ ሌላ ሰው ላግኝና ለእማ እነግራታለሁ ይል ነበር። ሳያገኝ ሄደ።» ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «አንቺ ልጁ ማለት ነሽና ነው የነገርኩሽ። ነይ አሁን፣ እሷ ጋ ተቀመጪ።»

እማ ዘይነባ ፍራሽ ላይ ነበሩ። እጄን ይዘው አልለቀቁትም። ከሩቅ የመጡ ሴቶች ከበዋቸዋል፤ አንዷ «ሴቷስ ልጅሽ የት ናት?» ብላ ጠየቀች፤ ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት፤ እማ ዘይነባ ግን ቀና አሉ።

«ሰዓዳዬ መካ አጠገብ ናት። ሸምሱ ነው በትምህርቱ ያገኛት። ሰው ሳይነግረው፣ ካርታ ላይ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ተማሪው ናት። ንገሪያቸው እስቲ የኔ ልጅ፣ እንዴት እንዳገኛት ንገሪያቸው።»

እትዬ ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየኋት። መሬት መሬቱን አየች።

ነገርኳቸው። ጀንበር በምትጠልቅበት ደቂቃ ከተሞች እንዴት በአንድ መስመር እንደሚሰለፉ በጣቴ ጅባው ላይ አሰመርኩ። የእኩለ ቀኑንም አሰመርኩ። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው አዩ። ሁለቱ መስመሮች የተቋረጡበት ላይ ጣቴን አቆምኩና «እዚህ ጋ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

«ማሻአላህ» አለች አንዷ።

«አያችሁ?» አሉ እማ ዘይነባ። ጣቴ ያረፈበትን ቦታ በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ ትንሽ ዳበሱት። ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ሄደና ሌላ ነገር መጣ።

«ሰው የላትም እዚያ» አሉ። «እሷ ብቻዋን ናት። የወንድሟን መርዶ አሁን ማን ይነግራታል?»